ይስጥልኝ እና ይስጥዎት

ስለ እኔ ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻል ነበር፤ ግን የሚያውቁኝ ሰዎች መጻፍ አይወዱም፣ መጻፍ የሚወዱት ደግሞ አያውቁኝም። ስለዚህ ራሴ እጽፋለሁ። ከአማኑኤል እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጆንያ የገዛም የሸጠም ሰው ሁሉ ያውቀኛል። አርባ ዓመት ያህል አሮጌ ጆንያ ስገዛ፣ ሳራግፍ፣ በሲባጎ ስሰፋና መልሼ ስሸጥ ኖሬአለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በርበሬ የነበረበትን ጆንያ ቡና ከነበረበት በጠረኑ እለያለሁ። ይህ ግን ከሙያዎቼ ሁሉ ትንሹ ነው።

ትልቁ ሙያዬ ማንበብ ነው። የትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከጆንያ ላይ ነው። በጆንያው ሆድ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በውስጡ ካለው ነገር ጋር እያስተያየሁ፣ ጨው ሲሆን “ይሄ ጨ ነው፣ ይሄ ው ነው” እያልኩ ብቻዬን ቆጠርኩት። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከእርዳታ ስንዴ ከረጢት ላይ ለቀምኩ። ከዚያ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ሕግ መጽሐፍ ተሻገርኩ። ሕገ መንግሥቱ ታትሞ የወጣ ሰሞን ገዝቼ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጬ አንቀጾቹን በቃሌ ያዝኳቸው። በመርካቶው ጆንያ ተራችን ለማንም ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ ይዞት የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። እኔም አንብቤ፣ ትርጉሙን ነግሬ፣ መልሱን ጽፌ እሰጠው ነበር።

የዕድራችን ዳኛ ነበርኩ። የተጣሉ ሸሪኮች አስታርቄአለሁ፤ ሊካሰሱ ጠበቃ የያዙ ወንድማማቾችን አንድ ትሪ ላይ አብልቻለሁ። ድምፄ ያለ ሞንታርቦ ከተራው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ቢሆንም ግድ የለም፤ እውነት ነው። ደግሞም ከየት ላይ እንደ ወደቅሁ የማያውቅ ሰው መውደቄን ሊያውቅ አይችልም።

ነገሩ የሆነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ቀጥሎ በመጣው ምርጫ ነው። በዘጠና ሰባት መርካቶ ብዙ ተናገረ፤ ከዚያ የተናገረው ሁሉ ለምን ተናገርኩ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው መከራከር ሲያምረው ስለ እንግሊዝ ኳስ ይከራከር ነበር። ስለ ሀገር የሚያወራ ካለም በቤቱ፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነው።

እንዲህ ባለው ጊዜ ተራችን ሊፈርስ ነው፣ በቦታው ፎቅ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ያን ዕለት ነጋዴው ሱቄ ውስጥ ተሰበሰበ። የት እንደምንሄድ የሚያውቅ አልነበረም። ማንን እንደምንጠይቅም የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ፣ ከእኛ መሀል ፓርላማ ገብቶ የሚጠይቅልን ሰው ቢኖር አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በእውነት ለመናገር፣ እስኪዞሩ ድረስ ጠብቄአቸው ነበር።

የፓርላማውን ስብሰባ በሬዲዮ እከታተል ነበር። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ሲባል እየሰማሁ፣ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ እንኳ ልጠይቅ ዕድሉን ባገኝ እያልኩ እመኝ ነበር። አሁን ጥያቄውን አገኘሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። “ተራው ሲፈርስ በውስጡ የኖሩት ሰዎች ወዴት ይሂዱ ተብሎ ታስቧል?” ሌላ የምፈልገው አልነበረም። ደመወዙንም መኪናውንም አልፈለግሁም። ይህችን አንድ ጥያቄ እዚያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ላይ እንድትሰፍር አድርጌ ጠይቄ መውጣት ነበር ምኞቴ።

በግል ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋል። የተራው ሰው ሻይ እየጠጣ ፈረመልኝ። መጀመሪያ የፈረመው ሀጂ ነው። ሀጂ በግድግዳ የምንዋሰን፣ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ከእኔ ጋር ጆንያ ተሸክሞ ያደገ ወዳጄ ነው። የእሱ ሴት ልጅ ስትዳር ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የእኔ ሱቅ በእሳት ሲነካ በሩን ሰብሮ ዕቃዬን ያወጣው እሱ ነው።

ቀጥሎ የምርጫ ምልክት መረጥኩ። የተዘረጋ እጅ ነበር የመረጥኩት። መዳፉ የሚታይ፣ ምንም ያልያዘ፣ ንጹሕ እጅ። ያልሰረቀ እጅ ማለቴ ነበር። አብነት አካባቢ ያለ ሠዓሊ በግድግዳዬ ላይ በሰማያዊ ቀለም ሣለው፣ በወረቀትም አሳተምኩት። ሀጂ ግድግዳው ፊት ቆሞ ራሱን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እያዘነበለ አየው።

“እንዴት ነው?” አልኩት።

“እጅ ነው። ግን ይሄ እጅ ይሰጣል ወይስ ይቀበላል?”

“ያሳያል” አልኩት። በመልሴ ኮራሁ። እሱ ሳቀና ወደ ሱቁ ገባ።

የገዢው ፓርቲ ተወዳዳሪ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ነበረው። እኔ እግሬና ድምፄ ነበሩኝ። ከረባት ማሰር ከአንድ የልብስ መደብር መስኮት ላይ አይቼ ለራሴ አስተማርኩ። ግራጫ ሱፌን ለብሼ፣ ወረቀቴን በክንዴ ይዤ፣ ተራ በተራ ዞርኩ። ሸራ ሻጩ ጋ፣ ቆርቆሮ ሻጩ ጋ፣ ፕላስቲክ አከፋፋዩ ጋ ገባሁ። ስገባ ሁሉም ይነሳል። ወንበር ይጠረግልኛል። ስለ ተራው፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ ጥያቄዬ እነግራቸዋለሁ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ክርስቲያኑ “እግዜር ይስጥዎት ጋሼ” ይለኛል፤ እስላሙ “አላህ ይስጥዎት አባቴ” ይለኛል።

እኔም ተመስገን እያልኩ እወጣለሁ። ሰው እንዲህ ሲያመሰግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ትጠብቀኛለች። ባለቤቴ ማንበብ አትችልም፤ ላስተምርሽ ባልኳት ቁጥር ምስሩ አላለቀልኝም ትላለች።

“ዛሬስ ምን አሉህ?” አለችኝ አንድ ቀን።

“ምን ይላሉ፣ አመሰገኑኝ። እግዜር ይስጥዎት አሉኝ።”

ጠጠር አውጥታ ጣለች። “ይስጥልኝ ነው ያሉህ፣ ይስጥዎት?”

“ይስጥዎት። ምን ለውጥ አለው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። የተማርከው አንተ ነህ” አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

የእሷ ነገር እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። ወረቀቴ ላይ ያለው እጅ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሳይም፣ ወረቀት ተወዷል ብዬ አለፍኩ። ድምፁን አጥፍቶ ሰላም የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝም ጉንፋን ነው አልኩ። ሰው የተራበውን ነገር በየቦታው ያያል። እኔ ያን ሰሞን በየቦታው የማየው ምስጋና ነበር።

ምርጫው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ጋ ገባሁ። ይህ ሰው ከሸሪኩ ጋር ተጣልቶ ያስታረቅሁት ነው። ጥያቄዬን ሙሉውን ነገርኩት። ተነስቶ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና “አላህ ይስጥዎት አባቴ” አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ላቤን ለመጥረግ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆምኩ።

ከእኔ ኋላ አንድ ሽማግሌ ለማኝ ወደ ሱቁ ገባ። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ምርኩዙን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ መዳፉን ዘረጋ። ባለሱቁ ለእሱም ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ለእሱም አንገቱን ሰበረ። በዚያው ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ “አላህ ይስጥዎት አባቴ” አለው።

ለማኙ ወዲያው ተመለሰ። ምን እንደተባለ ገብቶታል። ወጥቶ አጠገቤ ሲደርስ ክንዴ ላይ ያለውን ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን እጅ አየና እንደ ባልደረባ ጠጋ አለኝ።

“ለርስዎም አልሰጡም?” አለኝ። “እዚህ የሚሰጡት አርብ ነው። አርብ ይምጡ።”

ምርጫው እሁድ ነበር።

እዚያው ጥላው ሥር እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ማንም የአማርኛ ተናጋሪ የሚያውቀውን፣ ባለቤቴ ምስር እየለቀመች የጠየቀችኝን ነገር አሰብኩ። ይስጥልኝ የሚል ሰው ተቀብሏል። ይስጥዎት የሚል ሰው ሸኝቷል። ይስጥዎት ብሎ የሚመርቅም ይኖራል፤ እሱ ግን መጀመሪያ እጁ የገባ ነገር አለ። ከእኔ የተቀበሉት ወረቀት ብቻ ነበር። እኔም ከሱቄ በር ላይ ስንቱን በዚሁ ቃል ሸኝቼአለሁ። ከጆንያ ላይ ፊደል የለቀምኩ፣ አንቀጽ በቃሌ የያዝኩ ሰው፣ “ልኝ” የምትለዋን አጥቼ “ዎት” የምትለዋን ስሰበስብ ከረምኩ። የሰበሰብኩትን ሁሉ ባለቤቴ ፊት ዘርግፌ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሼ የገባሁበትን ሱቅ ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩ። ሸራ ሻጩ ይስጥዎት ብሏል። ቆርቆሮ ሻጩ ይስጥዎት ብሏል። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ይስጥዎት ብሏል። ይስጥልኝ ያለኝ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሀጂ ሱቅ ሄድኩ። ሀጂ አላለኝማ፤ ሀጂ ፈርሞልኛል። ሲባጎ እየፈታ ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

“እሁድ ምርጫ ጣቢያው ላይ ታዛቢዬ ሆነህ ተቀመጥልኝ።”

ሲባጎውን በጣቱ ላይ ጠመጠመ፣ መልሶ ፈታው። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ “አላህ ይስጥህ ወንድሜ” አለኝ።

“ለማኝ ነኝ እንዴ?”

“አይደለህም።”

“ታዲያ ይሄ ምን የሚሉት ቃል ነው? አገሩ ሁሉ ይኸን ሲለኝ ነው የከረመ።”

“ሌላ ቃል ቢያጣ ነዋ” አለ። “እምቢ እንዳይልህ ያከብርሃል። እሺ እንዳይልህ ልጆች አሉት። የቀበሌ ሰዎች አንድ ለአምስት ጠርንፈውን፣ እኔ ያደርኩበትን አምስቱ ያውቃሉ። ምን ይበልህ? አንተ ቃል አዋቂ ነህ፤ አንድ ቃል አምጣልንና እሱን እንበልህ።”

ፈርመህልኛል እኮ አልኩት። ፈርሜአለሁ አለኝ፤ ለምን ፈረምክ ብሎ የጠየቀው ሰው መጥቶ ነበር፣ ጎረቤቴ ስለሆነ ነው ብሎ መልሶለታል። ሁለተኛ ከመጣ የሚመልስለት የለውም።

“ጠይቅልን ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።”

“አዎ። አሁንም ጠይቅልን” አለ ሀጂ። “እኛ ግን አላልንህም።”

ሻይ አዘዘልኝ፤ ቢቀርብልኝም አልጠጣሁትም። ሲመሽ ሱቄን ስዘጋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰማያዊ እጅ አየሁት። ሠዓሊው ጣቶቹን ትንሽ ጎበጥ አድርጓቸው ነበር። የሆነ ነገር እንዲወድቅበት የሚጠብቅ እጅ ነበር።

ዕጩነቴን ላነሳ አሰብኩ፤ አላነሳሁም። ጥያቄው ገና አልተጠየቀም ነበርና። ያ ሳምንት ሳያልቅ ዕጩዎች በቀበሌው አዳራሽ ከሕዝብ ጋር ይገናኛሉ ተባለ። ሱፌን ለበስኩ፣ ከረባቴን አሰርኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሰው የመጣው ወዶ ይሁን በየአምስቱ ተጠርቶ አላውቅም። የገዢው ፓርቲ ዕጩ ልጄ የሚሆን፣ ትሑት፣ የተማረ ሰው ነበር። ስገባ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እሱን ለመጥላት ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም።

ተራዬ ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎን ገፋሁት። “ተራው ሲፈርስ በውስጡ የኖሩት ሰዎች ወዴት ይሂዱ ተብሎ ታስቧል?” አልኩ። ድምፄ ከኋላው ግድግዳ ደርሶ ተመለሰ። የተራችን ሰዎች ከመሀል ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። ሀጂም ጫማውን ያይ ነበር።

ወጣቱ ዕጩ ተነሳ፣ እጅ ነሳኝ። “እግዜር ይስጥልኝ አባቴ” አለኝ። “እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሳ ነው ዴሞክራሲያችን የሚያድገው።”

ከዚያ ስለ መንገድና ስለ ፎቅ አወራ፤ ተጨበጨበለት። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ዙረት ይስጥልኝ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ከአንጀቱ ነው ያለው። ቆይቶ ገባኝ፤ ከሁሉም ሰው መሀል ከእኔ አንድ ነገር የተቀበለ እሱ ብቻ ነው። እኔ ባልቆም ኖሮ እሱም ብቻውን ሮጦ ብቻውን የቀደመ ይባል ነበር።

እሁድ ማለዳ ባለቤቴን ይዤ ወጣሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ጋሼ ይቅደሙ፣ አባታችን ይለፉ እያሉ ከኋላ ወደ ፊት አሳለፉን። በዚያ ክብር መሀል ስሄድ ቀብር የምሄድ መሰለኝ፤ ሰው ለሐዘንተኛ መንገድ እንደሚለቅ ነበር የለቀቁልኝ። በምርጫው ወረቀት ላይ ከእጁ ሥዕል አጠገብ ምልክት አደረግሁ። የኔ ታዛቢ መቀመጫ ባዶ ነበር፤ ኋላ ሌላ ሰው ቦርሳውን አኖረበት።

ሰኞ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። የመረጡኝን ሰዎች ሁሉ አንድ ታክሲ ይወስዳቸው ነበር፤ ወንበርም ይተርፍ ነበር። ወረቀቱ ፊት የቆመው ሰው እኔን ሲያይ ተበተነ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየችና ውሃ ሰጠችኝ። ብርጭቆውን ስመልስላት “እኔ እጁ ላይ ነው ያደረግሁት” አለች።

“አውቃለሁ” አልኳት።

“አታውቅም” አለች። “ግን አድርጌአለሁ።”

ይህችን ንግግሯን ብዙ ጊዜ አስቤአታለሁ። ማንም ሰው ሌላውን የማያውቅበት ጊዜ ነበር፤ እሷም ያወቀችው ይህንን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የማፍረሻ ማስታወቂያ መጣ። ነጋዴዎቹ ይዘውት ወደ እኔ መጡ፣ እንደ ድሮው አነበብኩላቸው። ትርጉሙን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ተራው ፈረሰ። ግሬደሩ የእኔን ግድግዳ ሲገፋው ሰማያዊው እጅ ወደ መሬት ተደፍቶ ወደቀ፤ የሀጂ ግድግዳ በላዩ ወደቀበት። ነጋዴው ተበተነ። አንዳንዱ በረንዳ ላይ ሸቀጠ፣ አንዳንዱ አገሩ ገባ። ሀጂ ከተማው ዳር ልጁ ጋ ሄደ። ለፋሲካ እሱ ይደውልልኛል፣ ለአረፋ እኔ እደውላለሁ። ስለዚያ ምርጫ አንስተን አናውቅም። የፓርላማውን ስብሰባ እስከ ዛሬ በሬዲዮ እሰማለሁ። ጥያቄዬን የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም፤ አሁን ቢጠየቅም የሚመለከታቸው ሰዎች የሉም።

አሁን አርጅቻለሁ፤ የሠራሁትን ልቁጠር።

ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብና መጻፍ ተምሬአለሁ፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ያረመልኝ የለም።

ለፓርላማ ተወዳድሬአለሁ። ከተራችን ከእኔ በፊት ያደረገው አልነበረም፤ ከእኔ በኋላ ደግሞ ተራው የለም።

ከረባት ማሰር እችላለሁ።

ጥያቄዬን አንድ ጊዜ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ጠይቄአለሁ። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

ሀጂን አልተጣላሁም።

ተራውን አላዳንኩም። ይሄ እዚህ መግባት አልነበረበትም፤ ሳልጽፈው ማለፍ አቃተኝ እንጂ።

ሀጂ አምጣልን ያለኝን ቃል፣ እሺም እምቢም ያልሆነውን፣ ሰው ሳያፍርና ሳይፈራ የሚለውን፣ ባሉኝ መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌአለሁ። አላገኘሁም።

ለማኝ እጁን ሲዘረጋልኝ እግዜር ይስጥዎት ማለት ትቻለሁ። ካለኝ እሰጣለሁ፤ ከሌለኝ የለኝም እላለሁ። አብዛኛው ተቀይሞኝ ይሄዳል።